ሮቦት ወደ ቤት ሲገባ

በዚህ ዐምድ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ኑሮ ይጠቅማል ያልነውን ምክር በየወሩ ማቅረብ ልማዳችን ነው። የዚህ ወር ነገራችን ስለ ሮቦት ስለ ሆነ፣ ከልጆች አስተዳደግና ከሕሙማን አጠባበቅ የራቀ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሮቦት የተባለው መኪና ከፋብሪካው አጥር ወጥቶ ወደ ሳሎን፣ ወደ ማእድ ቤትና ወደ አረጋውያን አልጋ አጠገብ እየቀረበ ሄዷል። ከዚህም የተነሣ ጕዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአባወራና የእማወራ ጕዳይ ሆኗል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ ሮቦት በተነሣ ቍጥር ሁለት ዐይነት ቃል ይሰማል። አንደኛው «ሰውን ከሥራው የሚያፈናቅል፣ በመጨረሻም የሚገዛ አውሬ መጣ» የሚል የፍርሀት ቃል ነው። ሁለተኛው «ከእንግዲህ ወዲህ ድካም ቀረ» የሚል የአድናቆት ቃል ነው። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ ይኸውም ሮቦት በገዛ ፈቃዱ የሚመጣ ፍጡር አለመሆኑን ነው። ክንዱ ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን፣ ሰው ሲነካው ይቆም ወይም አይቆም እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚታዘዝ የሚወስነው ሠሪው ሰው ነው። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባን ሮቦት ደግ ነው ወይስ ክፉ ብለን አይደለም። ተራው ሰው፣ ይኸውም ያልተማረው፣ ያረጀው፣ የታመመው፣ ሕፃኑም ጭምር፣ ሳይፈራና ሳይዋረድ አብሮት እንዲኖር የሚያስችለው አሠራር እንዴት ያለ ነው ብለን ነው።

ስሙ ራሱ ወደዚህ ጥያቄ ይመራናል። ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው፣ በ1921 በፕራግ ከተማ መድረክ ላይ በታየው ቴአትር ነው። ቃሉን ለደራሲው ያቀበለው ወንድሙ ሠዓሊው ዮሴፍ ቻፔክ ነበር። መሠረቱም «ሮቦታ» የሚል ሲሆን፣ ጭሰኛ ለባለ ርስቱ ያለ ደመወዝ የሚሠራውን የግዴታ ሥራ ያመለክታል። እኛም በአገራችን በቀድሞው ዘመን የሁዳድ እርሻ እንለው የነበረው ከዚህ የራቀ አይደለም። በቴአትሩ ውስጥ እነዚያ ሠራተኞች በመጨረሻ ተነሥተው ጌቶቻቸውን ያጠፋሉ። እንግዲህ ከስሙ ጀምሮ ማን ለማን ያድራል የሚለው ጥያቄ ከሮቦት ተለይቶ አያውቅም ማለት ነው።

ከመድረክ ወጥቶ በእውነተኛ ሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያው የፋብሪካ ሮቦት ዩኒሜት ይባላል። የፈጠራው ባለቤት ጆርጅ ዴቮል፣ ለገበያ ያበቃው ደግሞ ጆሴፍ ኤንገልበርገር ነበሩ። በ1961 በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት በሚገኝ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ውስጥ ተተክሎ፣ ቀልጦ በቅርጽ የወጣውን ትኵስ ብረት እያነሣ ይደረድር ጀመር። ክብደቱ 1,800 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ይህ ሥራ ሰውን የሚያቃጥልና ሳንባን የሚጐዳ ስለ ነበር፣ ለመኪና መሰጠቱ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ መኪናው ዐይን አልነበረውም። የተሰጠውን ትእዛዝ ከመደጋገም በቀር በፊቱ የቆመው ብረት ይሁን ሰው የሚለይበት ምንም ዘዴ አልነበረውም።

የዚህም ውጤት ከዓመታት በኋላ ታየ። በ1979 በሚሺጋን ግዛት በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ አንድ የ25 ዓመት ሠራተኛ ዕቃ ለማውረድ ወደ መደርደሪያው በወጣበት ጊዜ የመኪናው ክንድ ራሱን መትቶ ገደለው። በሮቦት የሞተ የመጀመሪያው ሰው እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። መኪናው አልተቈጣም፣ አልጠላም፤ ሰው መኖሩን አላወቀም እንጂ። በዚያን ዘመን ለዚህ የተሰጠው መልስ አጥር ነበር። ሮቦቱ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይዘጋል፤ በሩ ከተከፈተም ኃይሉ ይቋረጣል። አጥር የሰውን ሕይወት ስለሚጠብቅ የሚናቅ መፍትሔ አይደለም። ነገር ግን በአጥር ውስጥ ከሚዘጋ መኪና ጋር አብሮ መኖርም ሆነ አብሮ መሥራት አይቻልም።

ገበሬ በሬ ሲገዛ ጕልበቱን ብቻ አይቶ አይገዛም። ለቀንበር የማይገራ፣ ልጅ ቢቀርበው የሚወጋ ከሆነ ጕልበቱ ጕዳት እንጂ ጥቅም እንደማይሆንለት ያውቃል። የሮቦት ሠሪዎችም ይህን እውነት የተረዱት ዘግይተው ነው። በ1996 በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ኤድዋርድ ኮልጌትና ማይክል ፔሽኪን «ኮቦት» የተባለውን፣ ትርጓሜውም አብሮ የሚሠራ ሮቦት የሆነውን መሣሪያ አሰቡ። የመጀመሪያዎቹ ኮቦቶች ዕቃውን የሚገፋ የራሳቸው ኃይል አልነበራቸውም። ከባዱን ዕቃ የሚገፋው ሰው ነው፤ መኪናው ግን መንገዱን ያቀናለታል፣ ከማይገባው ቦታ እንዳይደርስም ይከለክለዋል። ኃይልን ለሰው፣ አቅጣጫን ለመኪና በማካፈል አደጋውን ከሥሩ ነቀሉት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በ2005 በዴንማርክ አገር በኦደንሴ ከተማ ዩኒቨርሳል ሮቦትስ የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ ኤስበን ኦስተርጎርድ ነበር። ሐሳባቸውም ብዙ ገንዘብና ብዙ መሐንዲስ የሌለው ትንሽ ድርጅት ሊገለገልበት የሚችል ክንድ ለመሥራት ነበር። በ2008 የሸጡት የመጀመሪያው ክንድ 18 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን 5 ኪሎ ግራም ያነሣል። ይህንን ከዩኒሜት ክብደት ጋር ያስተያዩታል። ክንዱ እንቅፋት ሲሰማው ይቆማል። ሥራውንም ለማስተማር ሠራተኛው ክንዱን በእጁ ይዞ ከዚህ አንሥቶ እዚያ እንዲያስቀምጥ ይመራዋል፤ ሸማኔ የልጁን እጅ ይዞ መወርወሪያ እንደሚያስለምደው ያለ ነው። የመኪናን ቋንቋ ይማር የነበረው ሰው ነበር፤ አሁን ግን የሰውን እጅ መማር የመኪናው ድርሻ ሆነ።

በ2016 ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሰውና ሮቦት አብረው ስለሚሠሩበት ሁኔታ አንድ መመሪያ አወጣ። መመሪያው የሰውን አካል በክፍል በክፍሉ እየለየ፣ መኪና ቢነካው እስከ ምን ያህል ግፊት ሊታገሥ እንደሚችል ይወስናል። ለክንድና ለጭን የሚፈቀደው ንክኪ ለፊትና ለራስ አይፈቀድም። ሠሪውም ክንዱን እንዲያቀል፣ ጠርዙን እንዲያለዝብ፣ ጣት የሚቀረጥፍ ክፍተት እንዳይተው፣ ፍጥነቱንም እንዲቀንስ ይመክረዋል። በደረቅ የቍጥር ሠንጠረዥ የተጻፈ ቢሆንም፣ የሰው ሥጋ ለመኪናው ልክ መሆኑን የሚመሰክር ጽሑፍ ነው።

ይሁን እንጂ አለመጕዳት ብቻውን አይበቃም። አብሮን የሚሠራው ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ማወቅም ያስፈልገናል። ሁለት ሴቶች በአንድ ምጣድ ዙሪያ ሲሠሩ እጃቸው የማይጋጨው አንዷ የሌላዋን ዐይን ስለምታይ ነው። በ2012 ሮድኒ ብሩክስ የተባለው የሮቦት ሊቅና ባልደረቦቹ በቦስተን ከተማ ባክስተር የተባለ ሁለት ክንድ ያለው ሮቦት ሠርተው አወጡ። በላዩ ላይ ባለው ስክሪን ሁለት ዐይኖች ተሥለዋል። ዐይኖቹ ለጌጥ አልተሠሩም፤ ክንዱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ አስቀድመው ይመለከታሉ። አጠገቡ የቆመ ሠራተኛም መጽሐፍ ሳያነብ፣ አሠልጣኝ ሳይጠራ፣ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

የባክስተር ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። ክንዱ ለሰው እንዲለሰልስ ተብሎ በጸደይ ብረት መሠራቱ ለረቂቅ ሥራ የሚያስፈልገውን ልክነት ቀነሰበት፤ ፋብሪካዎችም እንደታሰበው አልገዙትም። ኩባንያው በ2018 ተዘጋ። ከዚህ የምንማረው፣ መኪና ለሰው ገር ይሁን ማለት ሥራውን አያሳምር ማለት አለመሆኑን ነው። የሚወደድ ነገር ግን ሥራ የማይጨርስ ሎሌ ለጌታው ሁለተኛ ድካም ይሆንበታል። ጥሩ አሠራር ማለት ገርነትንና ሙያን ሁለቱንም አንድ ላይ ማስገኘት ነው፤ አስቸጋሪነቱም በዚህ ላይ ነው።

አሁን ከፋብሪካው ወጥተን ወደ ቤት እንግባ። የፋብሪካ ወለል ደልዳላ፣ ብርሃኑ እኩል፣ ሥራውም አንድ ዐይነት ነው። ቤት ግን ደፍ አለው፤ ምንጣፉ ይተጣጠፋል፤ ሕፃን ይድሃል፤ ጀበና በፍም ላይ ይጣዳል፤ እንግዳ ሳይጠበቅ ይመጣል። ስለዚህ በፋብሪካ ውስጥ ጎበዝ የነበረ መኪና በቤት ውስጥ ሞኝ ይሆናል። እስካሁን በብዙ ቤቶች ሊገባ የቻለው ሮቦት ሰው መሰሉ ሳይሆን፣ አይሮቦት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2002 ያወጣው ሩምባ የተባለው ወለል ጠራጊ ነው። ቅርጹ ክብ ነው፤ ከማእዘን ሲገባ እንዳይቀረቀር ነው። ቁመቱ አንድ ጋት ያህል ነው፤ ከአልጋ በታች እንዲገባ ነው። አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ ደክሞት ቢቆም እንኳ የሚደርሰው ጕዳት ወለሉ ሳይጠረግ መቅረቱ ብቻ ነው። ሠሪዎቹ ብዙ ተስፋ ሳይሰጡ ጥቂቱን በሚገባ ስለ ፈጸሙ ሕዝብ ተቀበላቸው። ብዙ ሰዎችም ለዚህ ትንሽ መኪና የቤት ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል።

ነገር ግን ወደ ቤት የሚገባ ሁሉ ገበናን ያያል። በቀድሞው ልማዳችን የቤት ሠራተኛ ስትቀጠር ዋስ ትጠራ የነበረው ለዕቃ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ያየችውንና የሰማችውን ወደ ውጭ እንዳታወጣ ጭምር ነው። ዛሬ ጠራጊ መኪኖች መንገዳቸውን ለማወቅ ካሜራ ይይዛሉ። በ2020 ለሙከራ የተሰጡ የሩምባ መኪኖች በየቤቱ ካነሷቸው ሥዕሎች መካከል አንዳንዶቹ፣ በመጸዳጃ ቤት የተቀመጠች ሴት ሥዕል ጭምር፣ ሥዕሎቹን ለመለየት በተቀጠሩ የሩቅ አገር ሠራተኞች እጅ አልፈው በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ወጡ። ነገሩ በ2022 በጋዜጠኞች ተገለጠ። ኩባንያው መኪኖቹ ለገበያ ያልቀረቡ የሙከራ መሆናቸውንና የቤቱ ሰዎችም ተስማምተው እንደ ነበር ተናገረ። ቢሆንም የቤት ሰው ሲስማማ በሩቅ አገር የማያውቀው ሰው ገበናውን እንደሚያይ አስቦ ነው ለማለት አይቻልም። መልካም ሠሪ ሥዕሉ ከቤት ሳይወጣ መኪናው ሥራውን እንዲሠራ አድርጎ ያዘጋጃል፤ መልካም እማወራም ይህን ሳትጠይቅ አትገዛም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሕሙማንና የአረጋውያን ነገር ነው። በ1987 በእንግሊዝ አገር ማይክ ቶፒንግ የተባለ ሰው ሃንዲ አንድ የተባለ መኪና ሠራ። የሠራበትም ምክንያት እጁን እንደ ልቡ ማዘዝ የማይችል አንድ የ11 ዓመት ልጅ ያለ ሌላ ሰው እርዳታ እንዲመገብ ነበር። ልጁ የሚፈልገውን ምግብ ይመርጣል፤ መኪናው በማንኪያ ያቀርብለታል። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ «ማጉረስ ፍቅር አይደለምን? ለምን ለብረት ይሰጣል?» ሳይል አይቀርም። እውነት ነው፤ ጉርሻ በገበታችን ላይ ታላቅ የፍቅር ምልክት ነው። ነገር ግን ጉርሻ ክብር የሚሆነው ራሱ ቈርሶ መብላት ለሚችል ሰው ነው። በየቀኑ፣ በየጉርሻው የሌላውን እጅ የሚጠብቅ፣ ሳያላምጥ የሚቀርብለት፣ ጠግቦ «በቃኝ» ለማለትም የሚያፍር ሰው ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ለእንደዚህ ያለው ሰው መኪናው የቀማው ጉርሻ የለም፤ እጁን መልሶለታል እንጂ። በልኩ ይበላል፤ በፈለገ ጊዜ ያቆማል። አስታማሚውም ከማብላት ሥራ ሲያርፍ ከእርሱ ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጦ አብሮ መብላትና መጨዋወት ይችላል።

ክፉው ነገር የሚመጣው መኪናው ማንኪያውን ሲያነሣ አስታማሚው ተነሥቶ ሲሄድ ነው። ያው መኪና፣ ያው ማንኪያ፣ በአንዱ ቤት ክብርን ይመልሳል፤ በሌላው ቤት ብቸኝነትን ያመጣል። እንግዲህ የሮቦት አሠራር ጥያቄ በብረቱ ላይ አያልቅም፤ በቤተ ሰቡ ልብ ላይ ይፈጸማል።

ይህ ነገር በጃፓን አገር በሰፊው ተፈትኗል። ታካኖሪ ሺባታ የተባለው መሐንዲስ ከ1993 ጀምሮ ፓሮ የተባለውን፣ በበረዶ አገር ባሕር የምትኖር የአቆስጣ ግልገል የሚመስለውን ለስላሳ ሮቦት ሲሠራ ቈየ። ሲዳስሱት ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅም ያሰማል፤ ክብደቱ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ስለ ሆነ እንደ ጨቅላ ሕፃን ይታቀፋል። ድመትና ውሻ ያልተመረጡት ሰው ሁሉ ጠባያቸውን ስለሚያውቅና መኪናውን ከእነርሱ ጋር እያነጻጸረ ስለሚያዝን ነው። የዚያን እንስሳ ግልገል ግን በቅርብ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ቀደም ብሎ በ1970 ማሳሂሮ ሞሪ የተባለው ሌላው የጃፓን ሊቅ፣ መኪና ሰውን ሊመስል ጥቂት ሲቀረው ከመወደድ ይልቅ እንደሚያስደነግጥ ጽፎ ነበር። ሁለቱም የሚሉት፣ መኪና ያልሆነውን እንዲመስል ማስገደድ አይገባም ነው።

ፓሮ አእምሮአቸው ለደከመ አረጋውያን ጭንቀትን እንደሚያቀል በልዩ ልዩ አገሮች ታይቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ጄምስ ራይት የተባለ ተመራማሪ በጃፓን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ሰው ከአልጋ የሚያነሣ መኪና፣ ፓሮና ፔፐር የተባለው ሮቦት ሲሠሩ ተመልክቶ በ2023 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መኪኖቹ የአስታማሚዎችን ሥራ ከማቃለል ይልቅ እንደ ጨመሩት ገልጧል። መኪናውን የሚያመጣ፣ የሚያጸዳ፣ የሚጠብቅ፣ ወደ ቦታው የሚመልስ ሰው ያስፈልጋልና። ይህንንም ስናነብ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች አረጋውያንን በመጦር ሥራ የተሰማሩትን እኅቶቻችንን እናስባለን። የሰውን ሥጋ ከአልጋ ወደ ወንበር ማንሣት ወገብን የሚሰብር ሥራ ነው፤ ይህን ሸክም የሚያቃልል መኪና ቢመጣ በረከት ነበር። ነገር ግን መሐንዲሱ አስቀድሞ እነርሱን ሳይጠይቅ፣ ክፍሉ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ፣ አሮጊቷ የት ላይ ሲነኳት እንደምትፈራ ሳያውቅ ከሠራው፣ መኪናው በጓዳ ተቀምጦ አቧራ ይለብሳል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ኤላይዛ የተባለ፣ በጽሑፍ የሚነጋገር የኮምፒውተር ፕሮግራም አወጣ። ፕሮግራሙ የሰውየውን ቃል መልሶ በጥያቄ መልክ ከማቅረብ የሚበልጥ ሥራ አልነበረውም። ሆኖም የገዛ ጸሓፊው፣ መኪና መሆኑን እያወቀች፣ ከእርሱ ጋር የግል ነገሯን ለመጨዋወት መምህሩ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። እርሱም በነገሩ ደንግጦ፣ ለኮምፒውተር ሊሰጡ የማይገቡ ሥራዎች መኖራቸውን የሚያስረዳ መጽሐፍ በ1976 አሳተመ። የሚሰማ ጆሮ ያጣ ሰው ለመኪና እንኳ ልቡን ይከፍታል። በዚህ ድካሙ መጠቀም ነውር ነው። በአርአያ እግዚአብሔር የተፈጠረውን ሰውና ነፍስ የሌለውን ዕቃ አለመቀላቀል ለእኛ የሃይማኖት ነገር ነው፤ ለመሐንዲሱም የታማኝነት ሥራ ነው። ሮቦቱ ለአሮጊቷ መኪና መሆኑን ይንገራት፤ ልጇ ነኝ አይበላት።

የቋንቋም ነገር አለ። ልጆቻቸው ወደ ውጭ አገር የወሰዷቸው እናቶች በእንግሊዝኛ ብቻ ከሚታዘዝ መኪና ጋር ቢቀመጡ ቤታቸው የባሰ ባዕድ ይሆንባቸዋል። ለማንኪያ የተሠራ የመመገቢያ መኪናም እንጀራ ቈርሶ ወጥ አጥቅሶ ሊያጐርስ አይችልም። በ2018 ሶፊያ የተባለችው ሰው መሰል ሮቦት አዲስ አበባን ስትጐበኝ ብዙ ሰው ተደንቆ ነበር፤ በፕሮግራሟ ሥራም በ2013 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ የተባለ ድርጅት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ተካፍለዋል። ስለዚህ ጥበቡ ከልጆቻችን እጅ የራቀ አይደለም። የደብተራ ኦሪትን ዕቃ የሠራው ባስልኤል ጥበቡን ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበለ የሚያምን ሕዝብ የእጅ ሥራን አይንቅም። ልጆቻችን ግን ፊቷ የሚያምር ሮቦት ከመሥራት አስቀድመው፣ በአማርኛ «ተው፣ ቁም» ስትለው የሚቆምላትን መኪና ለአያታቸው ቢያስቡላት ደስ ይለን ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለው መኪና በእናንተ ወይም በልጆቻችሁ ቤት ደጅ የቆመ እንደ ሆነ፣ ከመግባቱ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ከቤቱ ሰዎች ሁሉ ደካማው በእጁ ወይም በቃሉ ሊያቆመው ይችላልን? ሁለተኛ፣ ምን ሊያደርግ እንደ ሆነ ሳያስደነግጥ አስቀድሞ ያሳያልን? ሦስተኛ፣ ያየውንና የሰማውን ወዴት ይወስደዋል? አራተኛ፣ መኪና መሆኑን ሳይሸሽግ ይናገራልን? አምስተኛ፣ እርሱ የሚያተርፍልንን ሰዓት ለማን እንሰጠዋለን?

የመጀመሪያዎቹን አራቱን መመለስ የሠሪው ፈንታ ነው፤ አምስተኛውን ግን ከእኛ በቀር የሚመልስ የለም። አባትንና እናትን ማክበር ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ ነው፤ ይህም ትእዛዝ ለሮቦት አልተሰጠም። ሮቦት ሽማግሌውን ከአልጋ ያነሣ ይሆናል፤ ውሃ ያቀርብለት፣ መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት ያስታውሰው ይሆናል። አጠገቡ ተቀምጦ የወጣትነቱን ታሪክ ለዐሥረኛ ጊዜ እንደ አዲስ የሚሰማለት፣ ምርቃቱንም የሚቀበለው ግን ልጁ ነው። መኪናው ሸክሙን ካቀለለልን፣ በተረፈን ሰዓት ወደ ወላጆቻችን አልጋ አጠገብ ወንበራችንን እናቅርብ። ለዚህም እግዚአብሔር አምላክ ለሠሪዎቹ ማስተዋልን፣ ለእኛም የማይሰለች ፍቅርን ያድለን፤ አሜን።